የነጩ ፒክአፕ ዋጋ

ሰኞ፣ ሜይ 27

መዝራቱ አለቀ። የመጨረሻውን ማሳ ከቀትር በፊት ጨረስኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠብ ጠብ አለ… ይቀጥል ብቻ።

አሮጌው ፒክአፕ ግን በቃኝ ብሏል። ካምቢዮው ሦስተኛ አልገባም አለና ከታችኛው ማሳ እስከ ቤት በሁለተኛ እየጮኸ መጣ። አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ኪሎ ሜትር። እኔም ብሆን እጮኻለሁ።

ባለቤቴ ሄዘር ድምፁን ሰምታ ወጣች። ኮፈኑን ከፍቼ ስጎረጉር ቆማ አየችኝ። «ተወው ሊንዚ፣ ሞቷል። ቅበረው» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቃል አይነሳም። ኮፈኑን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ሜይ 29

አዲስ መግዛት አለብኝ። በዚህ ከተማ መኪና የሚሸጠው መርቭ ኖስኬ ብቻ ነው። ጃሮድ ደግሞ የሚሠራው እሱ ጋ ነው።

ትልቁ ከተማ አደሌድ ሄጄ ብገዛስ? አይሆንም። የእግር ኳስ ልጆቻችን ማልያ ላይ ያለው የመርቭ ስም ነው። አንዱ ጎረቤት ከአደሌድ ገዝቶ መጣና ሦስት ዓመት ሙሉ መጠጥ ቤት ውስጥ አንድ ቢራ የጋበዘው የለም። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሜት አልችልም። የተሸከምኩት ይበቃኛል።

ጃሮድ… የልጄ የአንገስ ጓደኛ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ያን ቀን የአንገስ መኪና ውስጥ አብሮት የነበረው እሱ ነው። ከእርሻችን ግድብ አጠገብ እሳት አንድደው ሲጠጡ አምሽተው፣ በእርሻው የኋለኛ በር ወጥተው፣ መታጠፊያው ላይ ተገለበጡ። ሁለቱንም መኪናው ተፍቷቸው ነው የተገኙት። ጃሮድ ትከሻው ተሰብሮ ዳነ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ሰክሮ ነዳ። ራሱን ገደለ፣ ጓደኛውንም ሊገድል ነበር። ጃሮድ ለፖሊስ የነገረው ይህን ነው፣ አገሩም የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቁጣዬ ግን ዛሬም ትኩስ ነው። ስንት ነገር ከለከልኩት? አንድ ብቻ። ከጠጣህ መሪ አትያዝ አልኩት።

አሁንም ስነዳ ከግራዬ፣ ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ያለ ይመስለኛል። ረጅም እግሩን አጥፎ። እጮህበታለሁ። አይመልስልኝም።

ሰኞ፣ ጁን 3

መርቭ ጋ ሄድኩ። ጃሮድ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ሚስተር ማክፋይል።»

ሚስተር? ይሄ ልጅ እኮ ከማቀዝቀዣዬ ሥጋ እየሰረቀ «ሊንዚ፣ ሰናፍጩን የት ደበቅከው?» ይለኝ የነበረ ነው።

ነጩን አሳየኝ። ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር፣ ናፍጣ። ታርጋውን ጨምሮ ስልሳ ስምንት ሺህ ዶላር። ሳይከራከር የሚገዛ ገበሬ እዚህ አገር አልተወለደም፣ ጀመርኩ።

«ለዚህ ቆርቆሮ ስልሳ ስምንት? ከኋላው ቤትም አለው እንዴ?»

«ስልሳ አምስት ይሁንልዎት።»

እንዲህ ወዲያው? «ጋንቾውስ? ካንጋሮ ሲመጣ ፊቱን የሚከላከለው ብረትስ?»

«በነፃ።»

«አሮጌዬን ወስደህ ከዋጋው ላይ በስንት ትይዝልኛለህ?»

«በአሥር ሺህ።»

«ካምቢዮው ሞቷል እኮ፣ አንተ ልጅ።»

«አውቃለሁ።» ዓይኔን አያይም።

መርቭ ከቢሮው አንገቱን ብቅ አደረገ። «ጃሮድ፣ ሱሪህንም አውልቀህ ጨምርለት እንጂ!» እኔና መርቭ ሳቅን። ጃሮድ አልሳቀም።

ብድሩን ማስላት ሲጀምር «በየወሩ…» አለና ራሱን አቆመ። «አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ከአጨዳ በኋላ።» ገበሬ በየወሩ ገንዘብ እንደማያይ ያውቃል። ግማሽ ዕድሜውን እኛ ቤት ነው ያደገው። አምስት ዓመት፣ ወለዱ ስምንት በመቶ ገደማ። የግብር ዓመቱ ከሚዘጋበት ከጁን 30 በፊት ከተረከብኩ ከዘንድሮ ግብር ይቀነስልኛል።

አሸንፌ ነው የወጣሁት። ታዲያ ለምን የተሸነፍኩ መሰለኝ?

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ሄዘር «ጃሮድ ደህና ነው?» አለችኝ። «ከስቷል» አልኳት። ድስቷን መፈግፈግ ቀጠለች።

ማክሰኞ፣ ጁን 11

ጃሮድ ደወለ። ብድሩ ተፈቅዷል። ወለዱም ወደ ስድስት ወርዷል፣ ዋጋውም ወደ ስልሳ ሦስት። እኔ ምንም ሳልል!

ማታውን መርቭ ደወለ። «አንተ ሽማግሌ፣ ልጁን ምን አስነካኸው? የራሱን ኮሚሽን ሁሉ ላንተ ቅናሽ አስገባው። አልበቃ ብሎት ከደመወዜ ቁረጥ ይለኛል! ለናቱ እንኳ እንዲህ አላደረገም።»

ለምን? ሻጭ ሲያባብል አውቃለሁ። ሲዋሽም አውቃለሁ። ሻጭ እንዲህ ሲለማመጥ ግን አላየሁም። ለአንገስ ብሎ ይሆን? ወዳጅነት እንዲህ ያደርጋል? ወይስ ያሳዘንኩት ሽማግሌ ሆኜ ነው…

አርብ፣ ጁን 14

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቢሆንም ልጻፈው።

ጃሮድ ነጩን ይዞ ቤት መጣ። ሄዘር በመስኮት አየችውና አልወጣችም። እኔ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። በእርሻ ውስጥ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው የመርቭን ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ መሪውን የያዘው እሱ ነው። እኔ ከግራው ተቀመጥኩ።

«በግድቡ በኩል እንሂድ፣ ጭቃው እዚያ ነው» አልኩት።

«በዚያ በኩል?»

«ምነው፣ አዲሱ መኪና ጭቃ ይፈራል?»

ማርሽ አስገባና ነዳ። ግድቡን አለፍን። የኋለኛው በር ጋ ስንደርስ አቆመ። መሪውን እንደያዘ ጠበቀ። እኔም ሳላስብ ወረድኩ። እዚህ አገር የሚታወቅ ነው፣ በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ከነጂው ጎን የተቀመጠ ሰው ነው። ነጂ ከመሪ አይወርድም። ሚኒስትር ቢሆን፣ ጳጳስ ቢሆን፣ ከጎን ከተቀመጠ ወርዶ ይከፍታል። ልጆቻችን ሀ ሁ ሳይቆጥሩ የሚማሩት ነው።

ከፈትኩ። አለፈ። ዘጋሁና ሰንሰለቱን ያዝኩ… እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ያን ቀን ሊነጋጋ ሲል ጎረቤቴ ደውሎ «ቶሎ ና» ሲለኝ የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው። በሩ ተዘግቶ ነበር። ሰንሰለቱ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ከሥር ወደ ኋላ ተሰክቶ። እንደዚያ የሚያስር በምድር ላይ አንድ ሰው ነው። አንገስ በዘጠኝ ዓመቱ በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ሁለት መቶ በግ መንገድ ላይ ተበተነበት፣ እኔም አስለቀስኩት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚያስረው። ብርድ ላይ ለመፍታት መከራ ነው፣ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። ያን ቀንም ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ «ምን ዓይነት እርጉም ልጅ ነው!» ብዬ ረገምኩት። ከበሩ ማዶ ሞቶ ተኝቶ ነበር።

በሩን የዘጋው አንገስ ነው። በሩን ከዘጋ ደግሞ…

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጃሮድ መታጠፊያውን ላለማየት አንገቱን ደፍቷል። «ጥሩ መኪና ነው» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

እህል አልቀመስኩም። ለሄዘር ጉንፋን ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጁን 18

ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ምናልባት ጃሮድ በጣም ሰክሮ፣ አንገስ ራሱ ከመሪው ወርዶ ዘግቶ ይሆን? አይመስለኝም። ሰካራምም ቢሆን ከጎን ያለው ነው የሚወርደው፣ እንዲያውም በሩ ላይ ሲንገዳገድ የሚሳቅበት እሱ ነው።

ሁሉም አንገስ ነዳ ያለው መኪናው የእሱ ስለሆነ ነው። ፖሊሱ የከተማ ሰው ነበር። በደም ውስጥ ስላለ አልኮል ጠየቀ፣ ስለ ፍጥነት ጠየቀ። በሩን ማን እንደዘጋ አልጠየቀም። በምን ያውቃል? እኔ ግን በገዛ እጄ ፈትቼዋለሁ! ሁለት ዓመት የት ነበርኩ?

ተሳስቼስ ቢሆን? ልጄን ነፃ ለማውጣት ብዬ የሰው ልጅ ላይ…

አርብ፣ ጁን 21

መርቭ ምሳ እስኪወጣ ጠብቄ ገባሁ። ጃሮድ ወረቀቶቹን ደርድሮ ነበር። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ስልሳ ስምንት ሺህ አድርገው» አልኩት።

«አቤት?»

«መጀመሪያ የጠራኸውን። ወለዱም ስምንት። ጋንቾውንም ብረቱንም እከፍላለሁ። አሮጌው ከሦስት ሺህ አያልፍም፣ ሦስት ብለህ ጻፍ።»

«ተስማምተን አልነበር እንዴ? ለምን?»

«የልጄን ደም ካሳ በቅናሽ አልቀበልም።»

ከንፈሩ ነጣ። ጠየቅኩት። «ጃሮድ፣ ያን ቀን የኋለኛውን በር የዘጋው ማን ነው?»

ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ። ውጪ አንድ ሰው ጎማ ሲያስነፋ ይሰማኛል። «ይጠይቁኛል ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ» አለ። «አንገስ ነው። አንገስ ነው የዘጋው።»

ላንቀው ፈለግሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ አንገቱን ነበር የማየው። ቀጭን አንገት ነው ያለው፣ ሲያድግ ያየሁት አንገት። ተቀመጥኩ።

«ለእኔ እንዳትነግረኝ» አልኩት። «ለሄዘር ነው የምትነግራት። እሁድ መጥተህ፣ ፊቷ ተቀምጠህ። የእኔ ዋጋ ይኸው ነው። ያለዚያ አልፈርምም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቃለህ።»

እሁድ፣ ጁን 23

መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ። ሄዘር ግራ ገብቷት ሻይ ቀዳችለት። እኔ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«ሄዘር፣ የነዳሁት እኔ ነኝ» አለ። ያለ መግቢያ። ኩባያዋን እንደያዘች ቀረች።

ቀጠለ። አንገስ ብዙ ጠጥቶ ነበር። ሲነሱ ቁልፉን አውጥቶ «እኔ አልችልም፣ አባቴ ይገድለኛል። አንተ ንዳ» ብሎ ሰጠው። ጃሮድ «ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት» አለው። ዋሸ። ስድስት ጠጥቷል። አንገስ በሩን ዘግቶ ገባ፣ ቀበቶ እንኳ ሳያስር ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተኛ። መታጠፊያው ላይ በፍጥነት ደረሱ። ሆስፒታል ሲነቃ ፖሊሱ «ጓደኛህ ነበር የሚነዳው?» አለው። አዎ አለ። «አንድ ቃል ናት» አለ ጃሮድ። «ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

ሄዘር የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ተኝቶ ነበር? እርግጠኛ ነህ?»

«ያንኮራፋ ነበር።»

ተነሥታ ዶሮዎቹ ጋ ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። «ሻይህን ጨርስና ነገ ጠዋት ፖሊስ ጋ ሂድ» አለችው። «ለናትህም ዛሬውኑ ንገራት። ከሰው አፍ እንዳትሰማ።»

በሩ ላይ ሲደርስ «ሊንዚ…» አለኝ። እንደ ድሮው። ይቅር ብያለሁ ለማለት አፌ አልተከፈተም፣ ጠላሁህ ለማለትም እንዲሁ።

አርብ፣ ጁን 28

ከመርቭ ጋር ፈረምኩ። ስልሳ ስምንት ሺህ፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ጃሮድ ሰኞ ፖሊስ ጋ ሄዷል፣ ከሥራም ወጥቷል። መርቭ ቀልድ ሊጀምር አለና ተወው። ቁልፉን ሰጥቶ እጄን ለረጅም ጊዜ ያዘው። «አላወቅንም፣ ሊንዚ» አለ።

መኪናው ድምፅ የለውም። ወደ ግራዬ አንዴ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ሄዘር ኮቷን ለብሳ ወጣች። «እግር ኳስ እንሂድ» አለች። ሁለት ዓመት ረግጠነው አናውቅም።

ሜዳው ዳር መኪናውን እንደ ሌላው ሰው አፍንጫውን ወደ ጨዋታው አድርገን አቆምነው። ሰዉ ቀስ በቀስ መጣ። መጀመሪያ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ። አንዱ ትኩስ የሥጋ ኬክ ይዞልን። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ «አንገስን ክፉ ተናግሬዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ አለቀሰ። ሄዘር እጁን መታ መታ አደረገችው። «አላወቃችሁም» አለችው፣ «በምን ታውቃላችሁ?»

ሁሉንም ይቅር አለቻቸው። አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየጠራች። እኔ መሪውን ይዤ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

ልጄ እሺ ብሎኝ ነበር። ቁልፉን ሰጥቶ ነበር። አገር ቢያማው አገር ነው፣ አያውቀውም። እኔ አባቱ ነኝ… እኔም ወሬውን አመንኩ።