ስትሄድ ብቻ የምትሞቅ መኪና

ጥር 12

ቅዳሜ። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ከቀይዋ ጋር ዋልኩ። ባለቤቴ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። አሥራ ስድስት ዓመት ሦስት ሆነን ስለኖርን አልፈርድባትም። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር… የውድድር መኪና ነበረች ይላሉ። ከምን ጋር እንደተወዳደረች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

የራዲያተሯ ማራገቢያ መዞር ካቆመ ሰነባብቷል። ለሁለት ሽቦ መካኒክ ጋ ልሂድ? ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰውዬ? ሽቦዎቹን ቆርጬ አዲስ ቀጠልኩ፣ በናስትሮ ጥፍንግ አድርጌ ጠቀለልኩ። አሮጌዎቹ በቅባት ጠቁረው የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። እንደሚሆን አድርጌ አገናኘሁ። አስነስቼ እስክትሞቅ ጠበቅኩ… ዞረ! ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ዞረ» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች። ሰው እንዴት እንዲህ ለሙያ ግድ ያጣል?

ጥር 13

ለሙከራ አወጣኋት። ነዳጅ ማደያውን አልፎ ያለው ዳገት አጋማሽ ላይ የሙቀት መርፌው ቀይ ውስጥ ገባ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። (እንፋሎት ነው። ጭስና እንፋሎት ይለያያሉ ብዬ የማስተምረው እኔው ነኝ።) ዳር ይዤ ቆምኩ። ያኔ ነው ሦስት ተማሪዎቼ ብቅ ያሉት።

«ቲቸር፣ እንግፋ?»

«አይ፣ አካባቢውን ልይ ብዬ ነው።»

የቱን አካባቢ? ፊት ለፊቴ የነበረው የጎማ ጥገና ቤት ግድግዳ ነው።

ጥር 14

ዛሬ የሙቀት መተላለፍን አስተማርኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው።

ጥር 17

ልጄ ሥራ አገኘች! የመንገድ ቀያሽ። ሁለት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከተራሮቹ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ። የካቲት 19፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መገኘት አለባት። እናቷ አቅፋት አለቀሰች። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቀይዋን የገዛሁ ሰሞን። የማትነሳ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሷ መሪውን ይዛ በአፏ እየነዳች… «ሥራ የያዝሽ ቀን በዚህች ነው የማደርስሽ» አልኳት። በኋላማ ያልገባሁላት ቃል የለም። ለመልቀቂያ ፈተና በቀይዋ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ በቀይዋ፣ ለምርቃቷ በቀይዋ። ሁሌም ቀይዋ ተበላሽታ፣ ልጄ ሁሌም በአውቶቡስ። ይሄኛው የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ እኔ የማደርሳት ቦታ የለም፣ ራሷ ነች የምትሄደው።

እራት ላይ «በቀይዋ ነው የምንሄደው» አልኩ። ልጄ እናቷን አየች። እናቷ ዳቦ አቀበለችኝ።

ጥር 19

ክብሬን ዋጥ አድርጌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ክብሬን ያልኩት በምክንያት ነው… መካኒኩ የድሮ ተማሪዬ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ፊዚክስ ከመቶ ሠላሳ ስምንት ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱ ላይም «ይህ ትምህርት ላንተ አይደለም» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ዛሬ የራሱ ጋራዥና አራት ሠራተኞች አሉት። እኔ ያው ቀይ እስክሪብቶዬ አለኝ።

«ቲቸር! ምን እግር ጣለዎት?» አለ። ደስ ብሎት ነው፣ ከልቡ።

ሁሉንም አዳመጠኝ። ከዚያ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ይሄ ነገር ይገርማል። መኪና የሚሞቀው ቆሞ ነው፣ ሲሄድማ ነፋስ ያገኛል። የእርስዎ ቆማ ደህና ናት፣ ስትሄድ ነው የምትሞቀው።» ጎንበስ ብሎ ማራገቢያውን አየ። «ይሄ ናስትሮ አዲስ ነው። ማን ነው የነካካው?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እጁ የታወቀ ነው።»

«እንግዲያው እሱን አንነካውም» አለና ወደ ራዲያተሩ ዞረ።

ለምን ዋሸሁ? አላውቅም… አውቃለሁ። ሠላሳ ስምንት የሰጠሁት ልጅ የእኔን ሥራ ሲያርም ማየት አልፈለግኩም። ለማንኛውም ማራገቢያው ይዞራል። ችግሩ እዚያ ሊሆን አይችልም።

ጥር 26

ራዲያተሩ ወርዶ ታጠበ። ቴርሞስታቱ ተቀየረ። ከመካኒኩ ጋር አብረን ሞከርናት። ያው ዳገት፣ ያው ቀይ። የጎማ ጥገና ቤቱን ግድግዳ ዛሬ ሁለት ሆነን አየነው።

ጥር 29

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ግፊቱ የውሃውን መፍያ ነጥብ ከፍ ስለሚያደርገው፣ ክዳኑ ሲላላ ፈልቶ ይፈነዳል። ይህን ስንቱን አስተምሬዋለሁ።

ከፈትኩት።

ግራ እጄ በፋሻ ነው። ባለቤቴ ቅባቱን እየቀባችኝ «ጣውንቴ ዘንድሮ ልትገድልህ ነው መሰለኝ» አለች። እየሳቀች ነው። ግን እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም።

የካቲት 4

የውሃ ፓምፑም አዲስ ሆነ። ለመርፌው ግን የነገረው የለም።

የካቲት 8

መካኒኩ ቁርጡን ነገረኝ። «የቀረው የሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ክዳኑ፣ ቴስታታው ማለቴ ነው፣ ይውረድ፣ ሞተሩ ይከፈት። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።»

ያለኝ አሥር ቀን ነው።

ልወጣ ስል እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ያኔ እውነትዎን ነበር፣ ቲቸር» አለኝ። «ይህ ትምህርት ላንተ አይደለም ብለው ነበር። ይኸው የእርስዎው መኪና አልገባችኝም።» ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ። እስከ ዛሬ ይዞት ኖሯል! አሥራ ምናምን ዓመት! ንገረው… በለው «ማራገቢያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እስቲ እየው።» አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ምን አልኩት? «ትዕግሥት ነው።» ጭራሽ እኔ አጽናኚ ሆኜ ወጣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 11

ልጄ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። «ግድ የለም፣ አባዬ» አለችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። «ግድ የለም» ማለትን እንዲህ ያለማመዳት ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

የካቲት 14

ልሳቅ ወይስ ልፈር? እስካሁን አልለየሁም።

ከሥራ ገብቼ ግቢ ውስጥ አስነስቻት ነበር፣ ተስፋ ቆርጬ፣ እንዲያው ድምፅዋን ለመስማት ያህል። ልጄ የምትይዛቸውን ዕቃዎች የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ መጣች። ከመኪናዋ ፊት ቆማ ሻንጣ ልትጠይቀኝ ስትል ማራገቢያው ተነሳ። ወረቀቱ ከእጇ በረረ። አነሳችው። ደግሞ በረረ። ሦስተኛ ጊዜ ጫፉን ይዛ ፍርግርጉ ፊት አስጠጋችው።

«አባዬ፣ ና እስቲ።»

«ምንድነው?»

«ይሄ ማራገቢያ ነፋሱን ወደ ውስጥ ነው የሚስበው ወይስ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው?»

«ወደ ውስ…» አልጨረስኩትም። ወረቀቱ ወደ እሷ ይውለበለባል።

ወዲያው ገባኝ። አገላብጬ ነው የቀጠልኩት! ሽቦው ሲገለበጥ ማራገቢያው በግልባጭ ይዞራል፣ ወደ ኋላ መሳብ ሲገባው ወደ ፊት ይነፋል። ስትቆም የሚጋፋው የለም። ስትሄድ ግን የመንገዱ ነፋስ ከፊት፣ የእኔ ማራገቢያ ከኋላ… ሁለቱ ራዲያተሩ ላይ ሲገፋፉ አየሩ ቀጥ ይላል። አሥረኛ ክፍል፣ ምዕራፍ አራት። ልጄንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ማን ነው የሠራው?» አለች።

ካቻቢቴ ልፈልግ ወደ መፍቻ ሣጥኑ ዞርኩ።

«አባዬ?»

«አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን።»

ናስትሮውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳቁ ጣላት፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ምን ጉድ ነው ብላ ወጣች። ስትሰማ «ውይ ጣውንቴ! በሰው ጥፋት አማሁሽ!» ብላ ኮፈኑን ዳበሰችው። ልጄ ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀብላ ሽቦዎቹን አለዋወጠች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ወረቀቱ ፍርግርጉ ላይ ልጥፍ አለ።

የካቲት 15

ዳገቱን ወጣኋት። መርፌው ንቅንቅ አላለም። መደሰት ነበረብኝ፣ ጋራዡን ግን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ በሦስተኛው ነው የገባሁት።

«ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ነኝ» አልኩት። ሰላምታም አላስቀደምኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሽቦውን፣ ወረቀቱን፣ ውሸቴን። አልሳቀም። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«አንድ ወር ሙሉ…» አለ። «እኔ ነኝ ያልገባኝ ብዬ… ቲቸር፣ ሥራዬን መጠራጠር ጀምሬ ነበር።»

«መጀመሪያውኑ ገብቶሃል። ማን ነካካው ብለህ ጠይቀኸኛል። ዋሽቼህ ነው። ያኔ ወረቀትህ ላይ የጻፍኩትም ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ለተማሪ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ቀስ ብሎ ከደረት ኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ መዘዘው። በፋሻ የታሰረ እጄን ይዞ፣ ፋሻው ላይ «38» ብሎ ጻፈ። ከሥሩም አሰመረበት። ያን ጊዜ ነው የሳቀው። እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን አላማረም መሰለኝ፣ ወንበር አመጣልኝ።

የካቲት 16

ልጄ ትኬቷን አልመለሰችም። «ይቀመጥ» አለች። አልፈርድባትም።

የካቲት 19

ትናንት ሄድን።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። አራት ጄሪካን ውሃ፣ ገመድ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ ጫንኩ። ለልጄ ሻንጣ ቦታ ጠፍቶ ጭኗ ላይ ያዘችው። መንገድ ላይ አምስት ጊዜ እንቆማለን ብዬ አስቤ ነበር፣ መኪናዋ እስክትበርድ በየጊዜው ግማሽ ሰዓት። የምነግራትን ሁሉ ለዚያ ነበር ያስቀመጥኩት። ሰው እንዴት እንደምትመርጥ፣ አለቃ ሲቆጣት ምን እንደምትል፣ ስትታመም ቶሎ እንድትደውል… አባት የሚለውን ሁሉ። እየነዳሁ እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልችልም። ዓይኔ መርፌው ላይ ነዋ።

የመጀመሪያውን ዳገት ወጣን። ምንም። ተራራውን ወጣን። ምንም። መርፌው መሐል ላይ ተተክሎ ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነገር ይኸው ሆነ፣ እኔ ግን የኪሎ ሜትር ድንጋዮቹን እቆጥራለሁ። አርባ ቀረ። ሠላሳ ቀረ። ምነው አንድ ጊዜ ብቻ በሞቀች! ስለት ብሳል አላፍርም ነበር።

ሃያ ሲቀረን ልጄ «አባዬ፣ አቁማት እስቲ» አለች።

«ምነው? አልሞቀችም እኮ።»

«አውቃለሁ። ለማንኛውም ትብረድ።»

ዳር ይዤ አቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትነው፣ ደንቡ ነው። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንቁላሉን ላጥን። ያዘጋጀሁት ምክር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። «ፈርቻለሁ» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ምክሬ ሁሉ ይኸው ሆነ። ትከሻዬ ላይ ደገፍ አለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆየን። የቀረውን እሷ ነዳች። ከእኔ ትሻላለች፣ ማርሽ ስትቀይር መኪናዋ አትጮህባትም።

የተከራየችው ክፍል አንድ መስኮትና አንድ አልጋ ናት። ሻንጣዋን አስገባሁ፣ አምፖሉን ሞከርኩ፣ የሚጠገን ነገር ባገኝ ብዬ የበሩን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አየሁት። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ወጣሁ።

ስመለስ አንድም ቦታ አልቆምኩም። ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሞቀች?»

«አንዴም» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። እጄን ይዛ አስገባችኝ።