ማንም አልሞተም ያልኩበት ዓርብ

ሐሙስ

የእማዬን ስልክ ደብቄያለሁ። ስክሪኑን አሠራልሻለሁ ብዬ ወስጄ መኪና ውስጥ ቆለፍኩበት። ያለቻት አንድ እህቷ፣ ደሴ የምትኖረው አክስቴ ዘነበች፣ ዛሬ አርፋለች። ወንድሜ ዳዊት ሥራ ቦታ ደውሎ ነገረኝ። "መርዶው ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ሁሉም ከሥራ ኦፍ ነው፤ ዘመድ ከየከተማው፣ ከበርክም ከበልትስቪልም ይመጣል። ነገን አንቺ ከቤት አውጫት" አለኝ።

ብቻዋን በስልክ ብትሰማ ልቧ አይችልም። የት ልውሰዳት? ከእኛ ሰፈር ራቅ ብሎ አሌክሳንድሪያ ያለው የታይ ማሳጅ ቤት ትዝ አለኝ። ወገቧን ሁሌ ያማታል። ለአክስቴ ገና አላለቀስኩላትም።

ዓርብ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ስንወጣ መንገዱ ተዘጋግቷል። እማዬ ጨዋታ ይዛለች። "ዘነበችም ወገቧን ያማታል፤ ቪዛው ከተሳካላት እሷንም ታመጫታለሽ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሁሉን አስቤ ነበር። ዘይት አይቀቡም፣ ልብስ አይወልቅም፣ የምታሸው ሴት ናት። ፍራሹን ግን አላሰብኩም። የታይ ማሳጅ አልጋ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ላይ ነው። እኛ ቤት ፍራሽ መሬት የሚወርደው ለለቅሶ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ማን ሞተብን?"

"ማንም አልሞተም እማዬ። የእነሱ ባህል ነው።" ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

አመነችኝ። ታይላንዳዊቷ ሴትዮ በእሷ ዕድሜ ትሆናለች። የእማዬን ጀርባ በክርኗ ተጫነችው፣ እግሯን ይዛ ቀስ እያለች ሳበቻት። እማዬ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዓቴን አየሁ። ደሴ ቀብሩ አልቋል። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ

ሲነጋ መጡ፣ አሥራ አንድ ሰው። እማዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ስታያቸው ገባት። ዳዊት ደግፎ ያዛት። እኔ ልጠጋ ስል እጄን ገፋችው።

"ጠይቄሽ ነበር" አለችኝ።

ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ስትናገር ዋለች፤ "እሷ አፈር ስትለብስ እኔ እየታሸሁ እስቅ ነበር።" ሰዎቹ ደግ አደረግሽ ይሉኛል። ማንንም ማመን አልቻልኩም። ሻይ አፈላሁ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ በር ላይ የተከመረውን ጫማ ሁለቴ አስተካከልኩ። እሷ ያለችበት ክፍል ግን መግባት ፈራሁ።

እሑድ

ጠዋት ለእማዬ ውሃ ሳቀርብላት የእኔን ትታ ከዳዊት እጅ ተቀበለች።

ከሰዓት የአክስቴ ልጅ ሰላም ከደሴ በዳዊት ስልክ ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። "ዓርብ ደጋግሜ ደውዬ ስልክዎ ዝግ ነበር። እናቴን ስንቀብር አልነገሩዎትም እንዴ?" አለች እያለቀሰች።

ሰሃን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ልጄማ ወዲያው ነግራኛለች" አለች እማዬ። "ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። ቀና ብላ አላየችኝም።

"እህል ቀምሰሻል?" አለችኝ።

አልቀመስኩም አልኳት።