እግሬ እምቢ አለኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለደምለው፣ ሐዋሳ።

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ክርንህ፣ አንገትህ እንዳሻህ ይታዘዙሃል? ለወግ ብዬ አይደለም የጠየቅሁህ፤ ኋላ ይገባሃል። ብሩክታይትስ ደኅና ናት? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማት? እኛ ደኅና ነን ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት አልወድም። በስልክ እንዳልነግርህ ስሜን ስታይ ትዘጋብኛለህ። ይህን ግን ብትቀደው እንኳ ሚስትህ ገጣጥማ ታነበዋለች።

ለጥምቀት ሙሽራህን ይዘህ ስትመጣ አባባ ከመደቡ አልተነሡም፤ ፊታቸውም አልተፈታም። «እግሬ እምቢ አለኝ» አሉህ፣ በማይሰማ ድምፅ። አንተ የቅኔ ተማሪ! «ሳያማክረኝ ላገባ ልጅ አልነሣም ማለታቸው ነው» ብለህ ወርቁን ፈታህልን። የቀዳሁልህን ሻይ ሳትጨርስ ሚስትህን ጎትተህ ባጃጅ ውስጥ ገባህ። ሰው ልኬ ባስጠይቅህም «ይቅርታ ካልጠየቁኝ ዓባይን አልሻገርም» አልህ አሉ። አፈር ብላ! የቢቸና ሰው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው አንድ ቀን ያለ ቅኔ ቢናገሩ፣ አንተ ወርቅ ስትፈልግ ሰሙን ረገጥኸው።

ባለፈው ወር በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ወስጄ ለነርቭ ሐኪም አሳየኋቸው። ፓርኪንሰን ነው አለች። አንጎላችን ውስጥ፣ ከሥር፣ ዶፓሚን የሚባል ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ፤ የአባባ አብዛኞቹ ሞተዋል። እንቅስቃሴን የሚያዝዙት መንገዶች ሁለት ናቸው አለችን፤ አንዱ «ተነሣ» ይላል፣ ሌላው «ቆይ» ይላል። ዶፓሚን «ተነሣ» ባዩን ያበረታል፣ «ቆይ» ባዩን ዝም ያሰኛል። እሱ ሲያንስ «ቆይ» ባዩ ብቻውን ይነግሣል። ሰውየው መነሣት እየፈለገ እግሩ አይታዘዝም። ፊትም እንዲሁ ነው፤ ደስታው ውስጥ አለ፣ ፈገግታው ግን አይወጣም። አባባ ይህን ሰምተው «እንግዲህ መሪ ያጣ ማኅሌት ነዋ! ቀኙ ዝም ብሎ ግራው ብቻ ይጮኻል» አሏት። ሐኪሟ ግራ ገባት፤ እኔ አለቀስሁ።

የሚውጡት ክኒን አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ሲሠራ ይራመዳሉ፤ ኃይሉ ሲያልቅ ደጃፍ ላይ ተተክለው ይቀራሉ። ያኔ ቢጫውን ጀሪካን እንደ ከበሮ ስመታላቸው በምቱ እግራቸውን ያነሣሉ። ጎረቤት ያበድሁ መስሎታል። በማኅሌት ከበሮ ስትመታ ያደግህ ልጃቸው ግን አኩርፈህ ሐዋሳ ተቀምጠሃል፤ ጀሪካን የምደበድበው እኔ ነኝ።

የማታውቀውን ደግሞ ልንገርህ። ባጃጁ ከሄደ በኋላ ያ እግር ታዘዘ። አባባ ተነሡ። ብሩክታይት ተቀምጣበት ወደ ነበረው ባዶ ወንበር እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው እስከ መጨረሻው መረቁ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

አባባ ለብሩክታይት ሰላም በይልኝ ብለዋል። አክስታችን አመተ ሥላሴ ሁለታችሁንም ትስማለች፤ እሷ ደግ ናት። ከእኔ ለብሩክታይት ብዙ ሰላምታ፤ ለአንተ ምንም የለኝም። ለፋሲካ ና፤ ያስቀረኸውን አሜን መጥተህ በል።

እኅትህ ፈንታነሽ ኃይለ ጊዮርጊስ

ቢቸና፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.