ከበርሜሎቹ ጀርባ የመጣ ሹክሹክታ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? የልጅ ልጄ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ከሚይዘኝ በቀር፣ እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እማዬ፣ የሰው ብርጭቆ ማጠብ ይብቃሽ፤ ክፍልሽን ቀለም ቀብተን እየጠበቅንሽ ነው» ያልሽውን ሳነብ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ አትደንግጪ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን እዚህ የሆነውን ልንገርሽ።

መቼም ይኼ የወይን እርሻ ፍሬው ሲበስል አገር ምድሩ ሰው ይሆናል። ከኮረብታው አናት እስከ ሐይቁ ዳር በተተከለው ወይን መሃል እንግዶች ሲንሸራሸሩ፣ ፎቶ ሲነሱ ይውላሉ። ከዚያ ምድር ቤት ወርደው በርሜሎቹን እያዩ ወይን ጠጁን ይቀምሳሉ። አስጎብኚያችን አፈ ጮሌ ልጅ ናት፤ ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉንፋን ድምፅዋን ዘጋውና አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ደጅ ቆሞ ቀረ። አለቃችን ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። «እማማ፣ እርስዎ ይውሰዷቸው» አለኝ። «ቀምሼው የማላውቀውን ምን ብዬ?» ስለው፣ «ጠማቂው ይነግሩዎታል» ብሎ ሸኘኝ።

ጠማቂው እኚያ ሚስታቸው የሞቱባቸው ዝምተኛ ሰውዬ ናቸው። ሰው ፊት መናገር ሞታቸው ነው። ስለዚህ እሳቸው ከበርሜሎቹ ጀርባ ሆነው ሊያንሾካሹኩልኝ፣ እኔ ጮክ ብዬ ልደግም ተስማማን። «በርሜሉ ከውስጥ በእሳት ይለበለባል» ይላሉ። እኔም «በርሜሉ ከውስጥ በእሳት ይለበለባል!» እላለሁ። እንግዶቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ልቤ ሞላ፤ እጄን ማወናጨፍ ሁሉ ጀመርኩ። በዚህ መሃል ከጀርባዬ «ዛሬ አምሮብሻል» የሚል መጣ። እኔ ሞኟ፣ ፊቴ ለቆሙት ሴትዮ «ዛሬ አምሮብሻል!» ብዬ አወጅኩ።

ሴትዮዋስ አመሰገኑኝ። ባላቸው ግን በበርሜሉ ሥር ብቅ ያለውን ጫማ አይተው ኖሮ በሳቅ ፈነዱ። ምድር ቤቱ ተናወጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ጠማቂው ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ሊሸሹ ነው ስል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ያልኩትስ ለእሷ ነው» አሉ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው!

አስጎብኚዋ ድምፅዋ ተመልሷል፤ ምድር ቤቱን ግን ለእኔ ለቃልኛለች። አሁን ብርጭቆ የሚያጥብ ሌላ ሰው ነው። ከሥራ ስንወጣ ከጠማቂው ጋር በወይኑ መሃል እንመለሳለን። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማኛል። አንዳንዴ እሱም ያወራል፤ ሲያወራ ደግሞ የሚያስቅ ሰው ነው።

እና ልጄ፣ ቀለሙ እንዳይባክን የልጅ ልጄን እዚያ ክፍል አስተኟት፤ ለጥየቃ ስመጣ እጋራታለሁ። የአባትሽን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ፎቶ አላወረድኩትም፤ ብርሃን እንዲያገኝ ወደ መስኮቱ አዛወርኩት እንጂ። ሚስማሩን የመታልኝ ጠማቂው ነው፤ ቀና እስኪል ሦስት ጊዜ አስተካከለው።

ለወይን ለቀማው ስትመጡ ወንድሜን፣ አጎትሽን፣ ይዛችሁ ኑ። ሽማግሌ ይዞ የሚያነጋግረው ሰው አለ። በዚህ ዕድሜዋ ብሎ እንዳይስቅብኝ አደራ በይልኝ።

ቤትሽ ሳቅ አይጣ፤ የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

የምትወድሽ እናትሽ