የፓኬቱ ጀርባ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

የሚያናድደኝ አባባ ነው። ሐኪሙ ጣፋጭ ከከለከለው ወዲህ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚል ብስኩት አግኝቶ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ፓኬቱን ሙሉ ይጨርሰዋል። «ስኳር የለበትም እኮ!» ይለኛል። ጀርባውን ገልብጬ ባነበው ሽሮፕ፣ የወይን ጭማቂ፣ ነጭ ዱቄት! ስሙን ቀይሮ የመጣ ያው ስኳር ነው።

ምሳውን ደግሞ ከስፌት ሱቁ ጎን ያለው ምግብ ቤት ነው የሚበላው። ሩዙን ቀንሳ አትክልት እንድታበዛለት፣ ሶሱንም እንድትተውለት አስተናጋጇን ለመንኳት። በማግስቱ ብሄድ ሩዙ በሶስ ተጥለቅልቋል። ብቆጣት «ምን ላድርግ? ራሳቸው ጨምሪበት አሉኝ!» አለችኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

አሁን ምሳውን እኔው ቋጥሬ እወስድለታለሁ። ስደርስ መርፌና ክር ይዞ ይጠብቀኛል። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠባብ ነው» ይለኛል፤ ክሩን አስገባለታለሁ። ትናንት የብስኩቱን ፓኬት ሰጥቼው «በል ጀርባውን አንተው አንብበው» ስለው «መነጽሬን ረሳሁት» አለኝ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

በል ሰላም ሁንልን፤ ብርዱን ተጠንቀቅ። አባባ ሰላምታውን በራሱ እጅ እንዲጽፍልህ ከታች ግማሽ ገጽ ትቼለት ነበር፤ እሱ ግን የእኔ ጽሑፍ ላይ ደርቦ ጻፈው። ማንበብ ቢያስቸግርህ ታገሠኝ፤ እንደገና ጻፍ ልለው አልቻልኩም።

ናፋቂህ እህትህ