በነጻ ስለተሰጠን «ጉርብትና ኮይን»

ለክቡር አቶ ናፍያድ
የ«ጉርብትና ኮይን» ዲጂታል ገንዘብ የሚኒሶታ አስተባባሪ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ስልክዎ ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከኮሎምቢያ ሃይትስ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ወርቂ እባላለሁ፤ ፕሊማውዝ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሮ አጽድቼ ጡረታ የወጣሁ ኤርትራዊት ነኝ። ያለ ጋባዥ በማይገባበት ማኅበርዎ ስላልገባሁ አያውቁኝም።

የሥራ ባልደረባዬን ሲንቄን ግን ያውቋታል። ያን ሁሉ ዓመት በእሷ መኪና አብረን ተመላልሰናል። በየቤታችን እሷ ኦሮምኛ፣ እኔ ትግርኛ እንናገራለን፤ አብረን የምንስቀው ግን በአማርኛ ነበር። ባለፈው መጋቢት ፍሮግታውን ሰፈር ባደረጉት ስብሰባ ላይ፣ በየቀኑ ስልኳ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ እየነካች ገንዘብ እንደምታፈራ ስላስረዷት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከምስጋናው ጋር ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩ኛ፦ ነጻ ከሆነ የመታወቂያዬ ፎቶና ስልኬ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዝርዝር ለምን ይፈለጋል ብዬ ሲንቄን ጠየቅኋት። «አቶ ናፍያድ ለደኅንነት ነው ብለዋል» አለችኝ። የማን ደኅንነት እንደሆነ ስላልነገሯት እምቢ አልኩ።

፪ኛ፦ አምስት ሰው ካላስገባች ያጠራቀመችው እንደማይከፈትላት ነገሯት። አራት አገኘች፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጇ ስለ ኢብሲቱ ማውራታችን ቀረ። በደወለች ቁጥር «ወርቂዬ፣ ምን ትጎጂያለሽ? በነጻ ነው እኮ» ትለኛለች። ጓደኞቻችን አንድ በአንድ ስልኳን ማንሳት ተዉ። እኔ ከሁሉም በኋላ ተውኩ፤ ይህን እንደ ትዕግሥት ይቁጠሩልኝ።

፫ኛ፦ በሰኔ ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልብስ ሳጥፍ ደወለች። ስሟን አየሁና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ደግማ ደወለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ድምፁን አጠፋሁት። ከምሳ በኋላ የተወችልኝን መልእክት ከፈትኩ። «ወርቂዬ፣ ስለ ኮይኑ አይደለም። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ አፌም እየተሳሰረ ነው። ኢብሲቱ ሥራ ላይ ናት፣ አታነሳም። እባክሽ አንሺው» ትላለች።

ለምን አምቡላንስ አልጠራችም ይሉ ይሆናል። ሰው ሲደነግጥ የሚደውለው ለሚያምነው ነው። ቤቷ ከቤቴ በመኪና አራት ደቂቃ ነው፤ ስደርስ ኩሽናው ወለል ላይ አገኘኋት፤ አምቡላንሱን የጠራሁት ያኔ ነው። ሆስፒታል ሐኪሙ ለእኔና ለኢብሲቱ ስትሮክ መሆኑን ነገረን፤ «ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ» ብሎ ጀመረና የኢብሲቱን ፊት ሲያይ ወንበር ሳበላት።

ሲንቄ ተርፋለች። ዛሬ ሴንት ፖል በሚገኝ የእንክብካቤ ቤት ውስጥ ናት፤ ቀኝ እጇም አንደበቷም አልተመለሱም። በየሁለት ቀኑ አጠገቧ ተቀምጬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ታየኛለች፣ ትሰማኛለች፤ «ተይው» ልትለኝ ይሁን «ለምን አላነሳሽውም» ልትለኝ ግን አላውቅም። ስለ ኮይኑ እንኳ ብታወራኝ ቀኑን ሙሉ እሰማት ነበር።

ስልኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ፤ በእርስዎ ላይ አላላክክም። የሃያ ሁለት ዓመት ጓደኛዬን ስም ሳይ እንድሸሽ ያደረገኝን ግን ሌላው ሰው ይወቀው ብዬ ነው የጻፍኩት። ከእሷ አንድ ሳንቲም አልወሰዱም፤ በስብሰባው «በነጻ ነው» ብለው የገቡት ቃል እውነት ነበር።

በየአዳራሹ የሚያጨበጭብልዎ እንዳይጠፋ እየተመኘሁ፣ ግብዣዎን እምቢ ብላም ከጉዳቱ ያላመለጠች
አክባሪዎ፣
ወርቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በሲንቄ ስልክ ከማኅበርዎ መልእክት ደርሷል። ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ስላልነካች ስሟ ሊሰረዝ ነው፤ እንዳይሰረዝ ከፈለገች ሙሉ ስሟን በገዛ ድምፅዋ ተናግራ፣ ቀርጻ ትላክ ይላል። እንዴት እንደሚደረግ እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢያሳዩዋት ደስ ይለናል። የጉብኝት ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥራ አንድ ነው። መግቢያው በነጻ ነው፤ ጋባዥም አያስፈልግም።