“ጭጋግ አልነበረም” ላለኝ ሳጅን

ሰኞ
ሾፌሩ ተኝቶ ነበር ይላሉ ፖሊሶቹ። ማን አይቶት? ጋቢና ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሐሚድ ዓይኑ እንደፈጠጠ ነበር። ዛሬ ገና ሳይነጋ ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ ስንመጣ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን ወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ስንደርስ መንገዱ ነጭ ሆኖ ጠፋ። ፍሬን ያዘ፤ ሚኒባሱ ቦይ ውስጥ ገባ። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት እግራቸው ተሰበረ። ሐሚድ ታሰረ።

ማክሰኞ
ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ሳጅን፣ “መምህርት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ይታይ ነበር። ጭጋግ ከየት መጣ?” አለኝ።
ከዚያው ከጥራቱ ነዋ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ስንት ዓመቴ። ደመና ከሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ይለቃል። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ያለው እርጥብ አየርም ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አንድ ቃል አልጻፈም።
ሐሚድ፣ “አስተማሪ፣ አንተ አይተሃል፣ እኔ አልተኛም” ሲለኝ ሳጅኑ ሳቀ። እኔን ሴቲቱን “አንተ” ስላለ። ሳጅኑ ራሱ በሐሚድ ቋንቋ፣ በበርታ፣ ውሃ መለመን ይችላል?

ረቡዕ
“ይምጡና በዓይንዎ ይዩ” ብዬ ለምኜ ጎህ ሳይቀድ ረግረጉ ጋ ይዤው ሄድኩ። ደመና። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን ያስቀራል፤ ጭጋግ የለም። “እሺ፣ መምህርት?” አለና ፈገግ አለ። በንዴት ምሳ አልበላሁም።
አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ እዚህ ሲያርስ ነው ያረጀው። “አንች፣ ሰማዩ ሲጠራና ንፋሱ ጸጥ ሲል ውሰጅው” አለኝ።

ሐሙስ
ማምሻውን ሰማዩ ጠራ። ሳጅኑ “ሥራ አለብኝ” አለ። አለቃው ጋ እንደምሄድ ነገርኩት። ይመጣል።

ዓርብ
ቅጠል አይነቃነቅም ነበር። ሣሩ በጤዛ ርሷል። ጭጋጉ መጀመሪያ ረግረጉ ላይ ስስ ሆኖ ተዘረጋ። ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ፣ ከዚያ ጉልበታችን፣ ከዚያ የሳጅኑ ቀበቶ። ቀና ስል ኮከብ አለ፤ ዝቅ ስል ጫማዬ የለም። ሊነጋጋ ሲል ጭራሽ ዋጠን። “ሞተር ሳይክሌን የት ነው ያቆምኩት?” አለ። ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቀው እዚያው ቆምን።
ጻፈው። ከሰዓት ሐሚድ በዋስ ወጣ። መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም፤ ይቅርታ ያለውም የለም። እሱ መጀመሪያ የጠየቀኝ የእናቲቱን እግር ነው። ሆስፒታል አብረን ሄድን።
እንዳዩት እጁን ያዙት። “ልጄ፣ ወደ ቦዩ ባትጠመዝዘው ወንዝ ውስጥ ነበርን። ጮክ ብለህ ‘ያዙ’ ስትል ሰምቻለሁ።”
የተኛ ሰው ይጮሃል? አምስት ቀን ሙሉ ሳጅኑ እሳቸውን አልጠየቀም። እኔም ሰማይ ሰማይ ሳይ አልጠየቅኋቸውም።